ጀግናዬን አትንኩብኝ
«ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለው ጨዋታ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1974 አሜሪካ ውስጥ ታተመ። ጓደኛሞች ጠረጴዛ ከበው፣ ዳይስ እየጣሉ፣ የፈጠሩትን ጀግና ታሪክ በቃል ይተርካሉ። በ2008 አራተኛው እትም ሲወጣ ብዙዎች ጨዋታቸውን የተቀሙ ያህል ከፋቸው። በዓመቱ በቀድሞው ሕግ ላይ የተመሠረተው «ፓዝፋይንደር» የተባለ ጨዋታ መጣና ቅር የተሰኙትን ሰበሰበ። ስለዚህም አሳታሚው ቀጣዩን ረቂቅ ከ2012 ጀምሮ ለተጫዋቾች ሰጥቶ አስሞከረ። በ2014 የወጣው አምስተኛው እትም ብዙውን የመደመርና የመቀነስ ጣጣ በአንድ ቀላል ሕግ ተካው፦ ሁኔታው ሲመቻችላችሁ ባለ 20 ገጽ ዳይስ ሁለት ጊዜ ትጥሉና ትልቁን ቁጥር ትወስዳላችሁ። በቃ! ተጫዋች ሂሳቡ ቢቀልለት ደስ ይለዋል፤ ለዓመታት ያሳደገው ጀግና በአዲሱ ሕግ ሲጠፋበት ግን ያዝናል። አዲስ እትም የምታዘጋጁ ሁሉ፣ መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ሳይገባ ተጫዋቹን ጠይቁት።