የዝናብ ደን ተመራማሪዋ ወደ ደብር ደን ለምን መጡ?

(በእድራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ከቀብር የራቀ ይመስል ይሆናል እንጂ አይርቅም። ሬሳ ተሸክመን የምንሄደው ከጽድና ከወይራ ጥላ ሥር ነው። እንግዲህ ስለ ጥላው እንነጋገር።

ከፍላቂት መንገዱን ይዞ ወደ ምዕራብ የሄደ ሰው ጋይንትን አልፎ ደብረ ታቦር ይገባል። በዚያው በደቡብ ጎንደር ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን እየዞሩ መረመሩ። እኒህ ሰው በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩ ናቸው፤ ልጆቻችን ግን ይበልጥ የሚያውቋቸው «እመጓ» በተባለው መጽሐፋቸው ነው። ጥናቱን በ2007 እ.ኤ.አ. ሆላንድ አገር ለሚገኘው ለዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ አቅርበው ዶክተር ተባሉበት። በ28ቱ ደብር 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ ተቆጠረ። ዙሪያው እርሻና ግጦሽ ሆኖ ሳለ ይህን ያህል መትረፉ የአባቶቻችን ሥራ ነው።

ታዲያ የሚያሳስበው ነገር ከዚህ ይጀምራል። ከደኑ አፈር ወስደው ውሃ እያጠጡ ምን እንደሚበቅል ጠበቁ። የአብዛኞቹ ዛፎች ዘር ከአፈሩ ውስጥ አልተገኘም። እኛ «ዘሩ ከመሬት አለ፣ ዝናብ ሲያገኝ ይወጣል» እንላለን፤ ለካስ ለሣሩ ነው እንጂ ለዛፉ አይሆንም። እናቲቱ ዛፍ ከወደቀች ምትኳ አፈር ውስጥ ተቀምጦ አይጠብቅም። ሌላም አለ። የታጠረውን ቦታ ካልታጠረው ጋር ሲያስተያዩት ከብት የሚገባበት ችግኝ አያድግም፤ ያልተበላው ይረገጣል።

ከዚያ በኋላ ሜግ ሎውማን የሚባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ አብረዋቸው መሥራት ጀመሩ። እኚህ ሴት በአውስትራሊያና በአማዞን የዝናብ ደን በገመድ ዛፍ ጫፍ ድረስ እየወጡ ቅጠልና ነፍሳት ሲያጠኑ የኖሩ ናቸው። እንዴ፣ ሰማይ የሚጋርድ ደን ያየ ሰው ለአንድ ደብር ግቢ ምን አደከመው? ነገሩ ወዲህ ነው። በትልቅ የዝናብ ደን፣ በኛም አገር በከፋና በሸካ እንዳለው ማለት ነው፣ አንድ ዛፍ ቢወድቅ ቦታውን የሚሞላ ጎረቤት አለው። የደብር ደን ግን ጎረቤት የለውም፤ ከአጥሩ ማዶ ማሳ ነው።

ሁለቱ ተመራማሪዎች ካህናቱን ሰብስበው ደኖቹን ከሰማይ የተነሣ ፎቶግራፍ አሳዩአቸው። ካህናቱም የደናቸውን ማነስ በዓይናቸው አይተው ደነገጡ። የድንጋይ ካብ ይሠራ የሚለው ሐሳብ የመጣው ከነሱው ነው። ዣራ በተባለው ደብር ካቡ ሲሠራ ድንጋዩ ከእርሻ ላይ ተለቀመ፤ ደኑ ታጠረ፣ የገበሬውም ማሳ ጸዳ። አንድ ድንጋይ ሁለት ሥራ ሠራ።

እስቲ ወደኛው ግቢ እንመለስ። ጽዱን ልብ ብላችሁ እዩት፤ ሁሉም ሽማግሌ ነው፣ ጎረምሳ የለበትም። የእድራችን መዝገብ ሟች ብቻ እየተሰረዘበት አዲስ ስም የማይጻፍበት ቢሆን ማን ዝም ይል ነበር? ባሕር ዛፍ ይተከል የሚሉ አሉ። ባሕር ዛፍ ለቤትም ለገበያም ደግ ነው፣ አንጠላውም፤ ኮሶንና ወይራን ግን አይተካም።

«በበጋ ከብታችን ወዴት ይሂድ?» የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን፤ ጥያቄው እውነተኛ ነው። የኛ ሐሳብ ሣሩ ይታጨድና ለየቤቱ በሸክም ይከፋፈል፣ ከብቱ ግን አይግባ ነው። አቅመ ደካማና ባል የሞተባት ቅድሚያ ያግኙ።

ድንጋይ በመቄት አላነሰንም። እህሉ ተወቅቶ ካለቀ በኋላ፣ ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ፣ እያንዳንዱ ቤት አንድ ሰው ቢያወጣ ሥራው ይጀመራል። ካህናቱ ከተስማሙ ካቡ ከዛፎቹ ትንሽ ራቅ ብሎ ይሠራ፤ ችግኙ ወደ ውጭ የሚሰፋበት ቦታ ያገኛል። በሩ ሰፊ ይሁን፤ ቃሬዛ በጠባብ በር አያልፍም።