አንድ ሜትር መንገድ



ጅማ ባቡር ገብቶባት አያውቅም። ቡናዋ ግን ባቡርን ያውቀዋል፤ በበቅሎ፣ ኋላም በመኪና አዲስ አበባ ደርሶ፣ ከለገሃር ተጭኖ ወደ ጅቡቲ ይወርድ ነበር። ያ ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ሲሆን በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ብቻ ነበረ። በ2009 ዓ.ም. አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በሌላ መሥመር ተመረቀ፤ የድሮው የለገሃር ጣቢያም ዛሬ ባቡር አይቀበልም።

ሥራውን የጨረሰ ሐዲድ ምን ይሆናል? በኒውዮርክ ከተማ በድልድይ ላይ የተዘረጋ የዕቃ ባቡር መሥመር ብዙ ዘመን ተትቶ ከኖረ በኋላ፣ በ2001 ዓ.ም. ዛፍና አበባ ተተክሎበት የእግረኛ መንገድ ሆነ። ፓሪስም ከዚያ አስቀድማ እንዲሁ አድርጋለች። የባቡር መንገድ ዳገቱ ቀላል ስለሆነ ለሽማግሌም ለሕፃንም ይመቻል።

እኛ ከጊንጆ ጉዱሩ ወደ ትምህርት ቤት የምንመጣው ከጭነት መኪናና ከባጃጅ ጋራ እየተጋፋን ነው። በክረምት ጭቃው ደብተራችን ላይ ይረጫል፤ ታናናሾቻችንንም እጃቸውን ይዘን እናሻግራለን።

ወላጆቻችን ሆይ፤ ሐዲድ የለንምና ሐዲድ አንለምንም። የምንለምነው በመንገዱ ዳር 1 ሜትር ለእግራችን እንዲለቀቅልን ነው። ዛፉን እኛ እንተክላለን፤ እኛም እናጠጣለን። ለቡናችን 1 ሜትር የተገኘ፣ ለልጆቻችሁ እግር ሊጠፋ አይገባም።