ታንኳ የሚታደስበት ስፍራ

(በሬዲዮ የተነገረ ንግግር)



ስለ ሚዛን ተፈሪ፥ ስለ ቴፒና ስለ ማጂ አገር ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ቡናው፥ ስለ ማሩና ስለ ደኑ ነው። ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን ዛሬ በምዕራብ ኦሞ ዞን ከምትገኘው ከማጂ ተራራ ወደ ምሥራቅ ቁልቁል የወረደ ሰው፥ ሙቀቱ እየበረታ ሄዶ ከኦሞ ወንዝ ዳር ሲደርስ ሌላ ጉዳይ ይገጥመዋል። ድልድይ በሌለበት ስፍራ የሰውም፥ የእህልም፥ የመድኃኒትም መሻገሪያ ከአንድ ግንድ ተፈልፍላ የተሠራች ታንኳ ናት። ይህች ታንኳ ባረጀች ጊዜ ባለቤቷ በገዛ እጁና በትንሽ ወጪ የሚያድስበትን ስፍራ ስለ ማግኘት ዛሬ ጥቂት ልናገር አስቤአለሁ። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም የሰው ሕይወት ያለበት ነው፤ ወንዙ አዞ ያለበት ነውና።

በኦሞ ዳር ይህን ሥራ ጠንቅቀው የሚያውቁት የኩዌጉ ሰዎች ናቸው። ግንዱን መርጠው የሚፈለፍሉ፥ ጎረቤቶቻቸውንም ሙርሲዎችንና ቦዲዎችን ከዳር ወደ ዳር የሚያሻግሩ እነርሱ በመሆናቸው፥ ስለ ታንኳ የሚመክር ሰው አስቀድሞ ከእነርሱ ሊማር ይገባዋል። በጣና ሐይቅ ያለችው የደንገል ታንኳ ውሃ ጠጥታ ስትከብድ በፀሐይ ትደርቃለች፤ ስታረጅም በሌላ ትተካለች፤ ደንገል ቶሎ ይበቅላልና። ለታንኳ የሚበቃ ወፍራም ግንድ ግን የብዙ ዘመን ዕድገት ነው። ስለዚህ ታንኳ በተሰነጠቀች ቍጥር አዲስ ዛፍ መጣል ለባለቤቱ ድካም፥ ለአገሩም ደን ጉዳት ነው።

እንግዲህ ለማደስ የወሰነ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው «የት ላድሳት?» የሚል ነው። ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። በአውሮፓና በአሜሪካ የእንጨት ጀልባ ያላቸው ሰዎች ጀልባቸውን ከውሃ አውጥተው ለሚያቆሙበት ስፍራ፥ አብዛኛውን ጊዜ በጀልባው ርዝመት ልክ ኪራይ ይከፍላሉ። አንዳንዱም ስፍራ ባለቤቱ በገዛ እጁ እንዲሠራ አይፈቅድለትም። የኪራዩን ማነስ ብቻ አይቶ ከውሃ የራቀ ስፍራ የያዘ ሰው ደግሞ ያተረፈውን ገንዘብ ለማጓጓዣ ይከፍለዋል። የኦሞው ባለ ታንኳ ኪራይ ባይከፍልም ነገሩ ያው ነው፤ ከባድ ግንድ ለመጎተት የሚጠራው ሰው ሁሉ መብልና መጠጥ ይፈልጋልና።

ስለዚህ ስፍራው አራት ነገር ሊኖረው ይገባል። አንደኛ፥ ታንኳዪቱ በድቡልቡል እንጨት ላይ እየተንከባለለች የምትወጣበት፥ ገደል ያልሆነ ዳርቻ ሊሆን ይገባል። ሁለተኛ፥ ጥላ ያስፈልገዋል፤ እርጥብ እንጨት በድንገት ፀሐይ ሲመታው ከጫፉ ይሰነጠቃልና ከዛፍ ሥር ቀስ ብሎ ቢደርቅ ይሻላል። ሦስተኛ፥ ምስጥ እንዳይበላት ታንኳዪቱን ከመሬት ከፍ አድርጎ በድንጋይ ላይ ማሳረፍ የሚቻልበት ይሁን። አራተኛ፥ ሥራው ሳይፈጸም «አንሣ» የሚል እንዳይመጣ ከባለ መሬቱና ከቀበሌው ጋር አስቀድሞ መስማማት ነው። እንጨቱ ለመድረቅ ሳምንታት ይፈልጋልና ችኰላ አይስማማውም።

ጊዜውንም መምረጥ ያሻል። ከቴፒ ወደ ሰሜን ምዕራብ፥ በባሮ ወንዝ ላይ የሚገኘው ጋምቤላ፥ በግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በተፈረመው ውል መሠረት የንግድ ስፍራ ሆኖ እስከ 1949 ዓ.ም. ድረስ በሱዳን መንግሥት ሲተዳደር፥ ቡና የሚጭኑት መርከቦች እስከዚያ የሚዘልቁት ወንዙ በክረምት ሲሞላ ብቻ ነበር። በበጋ ወንዙ ሲጎድል መርከቡ ይቀራል። ይህ የበጋ ጉድለት ለባለ ታንኳ ግን በነፃ የተገኘ መጠገኛ ነው፤ ውሃው ራሱ ሸሽቶ ደረቅ ዳርቻ ይተውለታልና። በኦሞ ላይ ግን በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው፥ 243 ሜትር ከፍታ ያለው የግልገል ጊቤ ሦስተኛ ግድብ የወንዙን ሙላትና ጉድለት ለውጦታል። ስለዚህ አባቶች በወር ቍጥር ያውቁት የነበረው ዳርቻ ዛሬ በልማድ ብቻ አይታመንም፤ ታንኳዪቱን ከፍ ወዳለው መሬት አውጥቶ ማሰር ይገባል።

ስፍራው ከተገኘ በኋላ ሥራው ያን ያህል አያስፈራም። ታንኳዪቱን አጥቦና ገልብጦ በቢላ ጫፍ እየወጉ መመርመር ነው። ቢላው በቀላሉ የሚገባበት ስፍራ የበሰበሰ ነው፤ እርሱን እስከ ጤነኛው እንጨት ድረስ በመሮ ፈልፍሎ ማውጣት፥ በምትኩም ደረቅ እንጨት የጅማቱን አቅጣጫ አስተካክሎ መግጠም ይገባል። ሰፊውን ስንጥቅ፥ እንጨቱ በደንብ ከደረቀ በኋላ፥ በእንሰት ቃጫ ጠቅጥቆ በቀለጠ ሬንጅ መድፈን ይቻላል። ጠባቡ ስንጥቅ ግን አብዝቶ አይጠቀጠቅም፤ እንጨቱ በውሃ ሲያብጥ ራሱ ይገጥማልና። በመጨረሻም ታንኳዪቱ ሰው ሳይጫንባት ከዳር ታስራ አንድ ሁለት ቀን ውሃ ትጠጣ፤ ከዚያ በኋላም ውሃ የምታስገባ ከሆነ ጉድለቷ ከሰው ፊት ሳይሆን ከዳር ይታያል።

ይህን ሁሉ ለከተማ የመንግሥት ሠራተኛ መናገር ምን ይጠቅማል የሚል ቢኖር መልሱ ቀላል ነው። የወንዝ ዳር መሬት ለእርሻ፥ ለመንገድ ወይም ለሌላ ሥራ ሲመደብ ካርታውን የሚመለከተው፥ ደብዳቤውንም የሚጽፈው እርሱ ነው። በዚያ ወረቀት ላይ ከመሻገሪያው አጠገብ ጥላ ያላት አንዲት ጥግ ለታንኳ ማደሻ ብትተው፥ በመንግሥት ካዝና ላይ የምታመጣው ወጪ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ባትተው ግን ባለ ታንኳው ጥገናውን ከዓመት ወደ ዓመት ያስተላልፋል፤ አንድ ቀንም ነፍሰ ጡር ወይም በሽተኛ የጫነች ታንኳ ከወንዙ መካከል ውሃ ትሞላለች። ያን ጊዜ የሚጻፈው ደብዳቤ የሐዘን ይሆናል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእሳት ብቻ አይደለም፤ ለውሃም ይሠራል።