ስለ ኑዛዜ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን! ኑዛዜ በተባለ ጊዜ ብዙ ሰው ይደነግጣል። ካህን ተጠርቶ፥ ጎረቤት ተሰብስቦ የሚነገር የመጨረሻ ቃል ብቻ ይመስለዋልና «ገና ሳልሞት ለምን ታሟርቱብኛላችሁ?» ይላል። ቃሉን ከሥሩ ብንመረምረው ግን እንዲህ የሚያስፈራ አይደለም። በግዕዝ ናዘዘ ማለት አጽናና ማለት ነው። ኃጢአትን ለካህን መናገርና ንብረትን ለወራሽ መደልደል በአንድ ስም መጠራታቸውም መልካም ነው፤ ሁለቱም የተሸከሙትን በጊዜው ማራገፍ ነውና።

ነቢዩ ኢሳይያስ ወደ ታመመው ንጉሥ ወደ ሕዝቅያስ በተላከ ጊዜ ያደረሰው ትእዛዝ፥ ሞቱ ስለ ቀረበ የቤቱን ነገር እንዲያስተካክል ነበር። አባታችን አብርሃምም ለቁባቶቹ ልጆች ስጦታቸውን የሰጠው በሕይወት ሳለ ነው፤ ከሞተ በኋላ ከይስሐቅ ጋር እንዲሟገቱ አልተዋቸውም። ጌታችንም በመስቀል ላይ በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሆኖ እናቱን ለዮሐንስ አደራ ሰጠ። እኛ ጤነኞች ሳለን ስለ ቤተ ሰባችን ካላሰብን ምን ምክንያት እናቀርባለን?

በአደባባይ የማይነገረውንም እንናገረው። አባት ያልገለጠው ልጅ በቀብሩ ዕለት ከሩቅ አገር መጥቶ ከድንኳኑ ዳር ይቆማል። ወንድማማች የነበሩት በዐርባው ቀን ተካሰው ይለያያሉ። ባሏን ያስታመመችው ሴት የጋብቻዋን ማስረጃ አምጪ ትባላለች። ይህ ሁሉ የሚሆነው ሟቹ ክፉ ሰው ስለ ነበረ ሳይሆን ዝም ስላለ ነው።

ሥርዓቱንም ማወቅ ይገባል። ፍትሐ ነገሥት ስለ ኑዛዜና ስለ ውርስ ይናገራል፤ በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ይቀበላል። በግልጽ የሚደረገው በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ ሁሉም ይፈርሙበታል። ተናዛዡ በገዛ እጁ የሚጽፈው ደግሞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእርሱ ጽሕፈት ሊሆን፥ ቀንና ፊርማም ሊኖረው ይገባል፤ በ7 ዓመት ውስጥ በውል አዋዋይ ዘንድ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ይፈርሳል። በሣጥን ሥር ተሸሽጎ የቀረ ወረቀት ስንቱን አሳዝኗል! በሞት አፋፍ ለሁለት ምስክሮች በቃል የሚነገረው ግን የቀብርን ነገር፥ የሕፃናትን ሞግዚት፥ እያንዳንዱም ከ500 ብር የማይበልጥ ስጦታን ከመወሰን አያልፍም። ስለዚህ «በመጨረሻው ሰዓት እናገራለሁ» የሚል ሰው ቤቱን አልተናዘዘም። ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት ቢናዘዙ አይጸናም፤ ለየብቻ ይጻፉ። የገጠር መሬት ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ የግል ንብረት ስላልሆነ ይዞታው የሚተላለፍበት ሕግ ሌላ ነውና ጠይቁ። በልጁ ተቆጥቶ ከውርስ የሚነቅል አባትም ምክንያቱን በኑዛዜው እንዲገልጥ ሕጉ ያስገድደዋል፤ ብዕር ሲያነሣ ቁጣው ይበርድለት ይሆናል።

የነፍስን ነገር በተመለከተ «ለተዝካሬ በሬ ይታረድ፥ ጠላ ይጠመቅ» ብሎ የሚናዘዝ ብዙ ነው፤ የሠራተኛውን ደመወዝ እንዳልከፈለ ግን አያነሣም። ፍትሐትና መታሰቢያ የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ነው፤ ሆኖም ዘኬዎስ በግፍ የወሰደውን አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል የገባው በእግሩ ቆሞ ሳለ እንጂ ለወራሾቹ ትቶ አይደለም። እናንተም ካህናት ወንድሞቼ፥ ከበሽተኛ አልጋ አጠገብ በተቀመጣችሁ ጊዜ ለራሳችሁም ለደብራችሁም አንዳች አታሳስቡ፤ የመበለቲቱንና የልጆቹን ነገር አስቀድማችሁ ጠይቁ።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ ያለባችሁን ዕዳ ለማን፥ ምን ያህል እንደ ሆነ ጻፉ። ያበደራችሁትንም ጻፉ፤ ከድኻ የሚፈለግ ካለ ይቅር ብያለሁ ብላችሁ ሰርዙት። የልጆቻችሁን ስም አንድም ሳታስቀሩ ጻፉ። ሲነጋ ምስክሮቻችሁን ጥሩ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።