ዲፕሎማ የትምህርት መጨረሻ አይደለም
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



ልንናገርበት የመረጥነው ጉዳይ ከትምህርት ቤት ወጥተው ሥራ ከያዙ በኋላ ስለሚደረግ ትምህርት፣ ይልቁንም ስለ መሐንዲሶችና ስለ ቴክኒክ ባለሞያዎች ትምህርት ነው። ገና ከትምህርት ቤቱ በር ያልወጡ ልጆች ከበሩ ውጭ ስላለው ነገር መናገራቸው ድፍረት ይመስላል። ነገር ግን ይህን ሐሳብ በልባችን ያሳደረው ዘንድሮ በዓይናችን ያየነው ነገር ስለ ሆነ፣ አስቀድመን እርሱን እንነግራችኋለን።

የትምህርት ቤታችንን የውሃ መሳቢያ ሞተር ከእኛ ዕድሜ ለሚበልጥ ዘመን ሲጠግኑ የኖሩ አንድ መካኒክ አሉ። ሁላችንም ጋሼ እያልን እንጠራቸዋለን። ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ ጠጋ አድርገው ድምፁን በመስማት ብቻ ሕመሙን ያውቁ ነበር። ዓምና ግን አሮጌው ሞተር ተነሥቶ በምትኩ በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ አዲስ ሞተር ተተከለ። በዚህ ዓመት በጥር ወር አዲሱ ሞተር ቆመ። ጋሼ ቢያዳምጡት ዝም አለ፤ በትንሿ መስተዋት ላይ አንድ ፊደልና አንድ ቁጥር ብቻ ብልጭ ድርግም ይላል። አራት ቀን ሙሉ ውሃ በጄሪካን ተሸከምን። ከመካከላችንም «የጋሼ ዘመን አለፈ» ብለን የሳቅን ነበርን።

በአምስተኛው ቀን ማታ በጥናት ላይ ሳለን ጋሼ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ገቡና በእንግሊዝኛ የተጻፈውን የሞተሩን መመሪያ አውጥተው፣ «ልጆቼ፣ እናንተ አንብቡልኝ፤ እኔ ደግሞ የተነበበውን አሳያችኋለሁ» አሉን። እኛ አነበብን፤ ቃሉን እናውቃለን፣ ዕቃውን ግን አናውቅም። እርሳቸው ዕቃውን ያውቃሉ፣ ቃሉን ግን አያውቁም። በዚህ ሁኔታ ስንረዳዳ ቆይተን፣ ወደ እኩለ ሌሊት ግድም የውሃውን ግፊት የሚለካው መሣሪያ ሽቦ በአይጥ ተበልቶ አገኘነው። በማግሥቱ ውሃ መጣ። ጋሼም በዚያው ሳምንት በከተማው የማታ የቴክኒክ ትምህርት ተመዘገቡ፤ ዛሬ በሳምንት ሦስት ማታ የእኛ እኩያ ከሆኑ ልጆች ጋር ይቀመጣሉ። የሳቅነው ሁሉ አፈርን።

ከዚህ በኋላ እንዲህ ያለው ትምህርት በሌላው ዓለም እንዴት እንደ ተጀመረ መመርመር ጀመርን። እ.ኤ.አ. በ1800 አካባቢ በግላስጎው ከተማ ዶክተር ጆርጅ በርክቤክ የሚባሉ መምህር ለማስተማሪያ የሚሆን መሣሪያ በእጅ ሠራተኞች ያሠሩ ነበር። ሠራተኞቹም የሚሠሩት ዕቃ ለምን እንደሚያገለግልና እንዴት እንደሚሠራ አጥብቀው ጠየቁ። መምህሩ ጥያቄያቸውን አልናቁም፤ ይልቁንም ከሥራ በኋላ ያለ ክፍያ ያስተምሯቸው ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1823 በለንደን ለእጅ ሠራተኞች ትምህርት ቤት እንዲቋቋም ረዱ፤ ያም ትምህርት ቤት ዛሬ በስማቸው የሚጠራ፣ በማታ በማስተማር የታወቀ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሆኗል። የዚህ ሁሉ መነሻ የሠራተኞች ጥያቄ መሆኑን ልብ በሉልን።

ነገር ግን ትምህርት የሚጎድለው በማታ የሚማረው ሠራተኛ ብቻ ነውን? አይደለም፤ ታላቁም መሐንዲስ ይጎድለዋል። በአሜሪካ አገር በዋሽንግተን ግዛት የተሠራው የታኮማ ናሮውስ ድልድይ እ.ኤ.አ. በ1940 ለመንገደኛ ክፍት በሆነ በአራት ወሩ፣ በሰዓት 65 ኪሎ ሜትር ያህል በሚነፍስ ነፋስ እየተወዛወዘና እየተጠመዘዘ ፈርሶ ወደ ውሃው ወደቀ። ንድፉን ያወጡት መሐንዲስ ሊዮን ሞይሴፍ በዘመናቸው ከታወቁት የድልድይ ሊቃውንት አንዱ ነበሩ። ድልድዩ የመኪናውን ክብደት ለመሸከም አላቃተውም፤ ነፋስ ቀጭኑንና ረጅሙን ወለል እንዴት እንደሚያናውጠው ግን ያን ጊዜ የድልድይ መሐንዲሶች ጠንቅቀው አያውቁም ነበር። በምትኩ የተሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ1950 የተከፈተው ድልድይ ምሳሌው አስቀድሞ በነፋስ ተፈተነ። ከዚያ ወዲህ ረጅም ተንጠልጣይ ድልድይ የሚሠራ ሁሉ የነፋስን ጠባይ መማር ግድ ሆነበት። ከዚያ በፊት ዲፕሎማቸውን የተቀበሉ መሐንዲሶች ይህን ትምህርት ከወዴት ያገኙታል? ሥራቸውን እንደ ያዙ እንደገና ተማሪ ከመሆን በቀር ሌላ መንገድ የለም። ስለዚህ ዛሬ በአሜሪካ በብዙዎቹ ግዛቶች ፈቃድ ያለው መሐንዲስ ፈቃዱን ለማሳደስ የተወሰነ ሰዓት መማሩን ማስረዳት አለበት።

ወደ አገራችን ስንመለስ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የመብራት ኃይሉ 43 ሜጋ ዋት ያህል ነበር። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ግን 5,150 ሜጋ ዋት ነው፤ ከተርባይኖቹ አንዱ ብቻ የቆቃን ዘጠኝ እጥፍ ያህል ያመነጫል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው ፒስተን ሞተር ባላቸው የአሉሚኒየም አውሮፕላኖች ነበር። በ2004 ዓ.ም. የተረከበው ድሪምላይነር ግን ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ በካርቦን ጭረት ከተጠናከረ ፕላስቲክና ይህን ከመሰለ ድርብርብ ነገር የተሠራ ነው። ስለሆነም የአውሮፕላን ጠጋኝ አዲስ ዓይነት አውሮፕላን በመጣ ቁጥር የዚያኑ አውሮፕላን ትምህርት ተምሮና ተፈትኖ ካላለፈ በጥገናው ላይ ኃላፊ ሆኖ ሊፈርም አይችልም። በሰማይ ላይ ለሚጓዘው ነፍስ ይህን ያህል ከተጠነቀቅን፣ በፎቅ ውስጥ ለሚያድረውና በድልድይ ላይ ለሚሻገረው ነፍስ ስለምን አንጠነቀቅም?

አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ፤ እውነት ነው። ዛሬ ግን ከጠመጠሙም በኋላ መማር አስፈላጊ ሆኗል።

የዚህ ትምህርት ችግር ብዙ መሆኑን አንዘነጋም። ቀኑን ሙሉ በፀሐይ ሲሠራ የዋለ ሰው ማታ በወንበር ላይ ሲቀመጥ እንቅልፍ ያሸንፈዋል። የትምህርቱ ዋጋ ለደመወዝተኛ ከባድ ነው፤ ቤተሰቡም አባቱን ወይም እናቱን በማታ ያጣል። ከዚህም የባሰው ለሰርቲፊኬት ብቻ የሚደረግ ትምህርት ነው። በሦስት ቀን ስብሰባ ስሙን አስጽፎ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ ወረቀቱን በመስተዋት አሠርቶ በግድግዳ የሚሰቅል ሰው ምን ተማረ እንበል? «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ እንዲህ ያለው ዕውቀት ሥራ ላይ ሲደርስ ይፈታል። እውነተኛው ትምህርት የተማረው ሰው ትናንት ያልቻለውን ዛሬ ሠርቶ ሲያሳይ ይታወቃል፤ ጋሼ ሞተሩን አስነሥተው እንዳሳዩን ማለት ነው።

እንግዲህ በመሐንዲስነት፣ በመካኒክነትና በኤሌክትሪክ ሥራ ተሠማርታችሁ ዛሬ ወደ አሮጌው ቤታችሁ የመጣችሁ ታላላቆቻችን ሆይ፣ አንድ ልመና አለን። የትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራና የእጅ ሥራ ክፍል ከአሥር ሰዓት በኋላ ተቆልፎ ያድራል። በሳምንት ሁለት ማታ ይከፈትልን። እናንተ በየተራ እየመጣችሁ አዲሱን ነገር አስተምሩ፤ በአካባቢያችን ያሉት ጠጋኞች፣ ግንበኞችና የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ይማሩ። እናንተም ከእነርሱ የምትማሩት አይጠፋም። የእኛ ድርሻ ክፍሉን መጥረግ፣ ወንበሩን ማሰናዳትና የእንግሊዝኛውን መመሪያ ማንበብ ይሁን። መምህሮቻችን ቁልፉን ለመስጠት ከፈቀዱ፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ጓደኞቻችን ሥራውን ከእኛ ለመረከብ ቃል ገብተዋል።

እኛ በጥቂት ወራት ውስጥ ፈተናችንን ጨርሰን እንለያያለን። ከእኛ አንዳንዱ መሐንዲስ፣ አንዳንዱ ሐኪም፣ አንዳንዱ መምህር ይሆናል፤ ምናልባትም ፈተናው ያልቀናው ይኖራል። ለሁላችንም የምንመኘው ግን አንድ ነው፤ ከብዙ ዘመን በኋላ የማናውቀው ሞተር በፊታችን ሲቆም፣ ባርኔጣችንን በእጃችን ይዘን ከልጆች ፊት ለመቅረብና «አንብቡልኝ» ለማለት እንዳናፍር ነው።