ለድመቷ የተቆረሰ ለድመቷ ይድረስ

የዛሬው ወጋችን በብዙዎቻችን ቤት በየቀኑ ስለሚደርስ፣ ነገር ግን ልብ ብለን ስለማናየው ጉዳይ ነው። ውሻና ድመት አብረው በሚኖሩበት ቤት የድመቷን ምግብ የሚበላው ማን ነው?

ድመቷን የምናኖራት ከአይጥ እንድትገላግለን ነው፤ ውሻውን ደግሞ ግቢያችንን እንዲጠብቅልን። ሁለቱም ቤቱን ያገለግላሉ፤ ሁለቱም የልጆቻችን ወዳጆች ናቸው። ምሳ ሲነሳ ለድመቷ በአሮጌ ሳህን ትንሽ ነገር ይቀመጥላታል። ጠጋ ብላ ታሸትተዋለች፤ ሁለት ሦስቴ ቀመስ ታደርግና ትታው ትሄዳለች። ይሄኔ ውሻው ይደርሳል፤ በአፍታ ሳህኑን ልሶ ያጸዳዋል። ማታ የቤቱ ሰው ባዶውን ሳህን ያይና «ውሮ በልታለች» ብሎ ይተኛል። ውሮ ግን አልበላችም። አድማጮች፣ ባዶ ሳህን ምስክር አይሆንም። ድመቷ መብላቷን ማወቅ የሚቻለው ምግቡ ሌላ አፍ በማይደርስበት ቦታ ሲቀመጥ ብቻ ነው።

ድመቷ ምግቧን ትታ የምትሄደው ጠግባ ወይም ንቃው አይደለም። የቤት ድመት ዘሯ የሚመዘዘው ከአፍሪካ የዱር ድመት ነው። የዛሬ 10 ሺህ ዓመት ገደማ በመካከለኛው ምሥራቅ ገበሬዎች እህል ማከማቸት ሲጀምሩ፣ እህሉ አይጥን ሳበ፤ አይጡም ድመቷን ወደ ሰው መንደር አመጣት። ይህች ድመት የምታድነው ብቻዋን ነው፤ የምትይዘውም አይጥ፣ ወፍ፣ እንሽላሊት፣ ሁሉም ትንንሽ ነገር ነው። ከአንዲት አይጥ የምታገኘው ኃይል 30 ካሎሪ ያህል ነው። 4 ኪሎ የምትመዝን ድመት ግን በቀን ከ200 እስከ 250 ካሎሪ ያስፈልጋታል። ስለዚህ የተፈጠረችው ቀንም ሌሊትም እየተመላለሰች ጥቂት በጥቂት እንድትበላ ነው። ምግቧን የሚነካባት ከሌለ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ10 እስከ 20 ጊዜ ትመላለስበታለች።

ውሻው ደግሞ የተኩላ ዘር ነው። ተኩላ በመንጋ ያድናል፤ አንድ ግዳይ ሲጥሉ ብዙ አፍ ይረባረብበታል፤ የዘገየ ጦሙን ያድራል። ያገኘውን ሳያላምጥ መዋጥን ውሻ ከዚያ ነው የወረሰው። «ስግብግብ ነው» ብለን ብንፈርድበት ፍርዱ ልክ አይሆንም። አንዷ ቀስ ብላ፣ አንዱ ፈጥኖ እንዲበሉ የተፈጠሩ ሁለት እንስሳት በአንድ ጣሪያ ሥር ሲያድሩ፣ የየራሳቸውን ድርሻ የማስከበሩ ሥራ የሰው ነው።

ታዲያ ቢሻማት ምን ይጎዳል የምትሉ አትጠፉም። በእርግጥም ጉዳት አለው። ድመት ያለ ሥጋ መኖር የማትችል እንስሳ ናት። ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ የሚገኘው በሥጋና በዓሣ ሲሆን፣ በተለይ በልብ ሥጋ ውስጥ በብዛት አለ። የውሻ ሰውነት አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ያዘጋጀዋል፤ የድመት ሰውነት ግን በበቂ መጠን አያዘጋጅም። እ.ኤ.አ. በ1975 የአሜሪካ ተመራማሪዎች ታውሪን ያጠራቸው ድመቶች የዓይናቸው ብርሃን ተቀባይ ክፍል እንደሚበላሽ አሳዩ፤ በ1987 ደግሞ የልባቸው ጡንቻ እንደሚደክምና እንደሚለጠጥ ታወቀ። ቫይታሚን ኤንም ብትወስዱ፣ ውሻ ከካሮት ማግኘት ሲችል ድመት ግን ከእንስሳ ተዋጽኦ ብቻ ነው የምታገኘው። በሌላ በኩል፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የስዊድን ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ ውሻ ከሰው ጋር ብዙ ሺህ ዓመት ሲኖር ሰውነቱ የእህል ምግብን መፍጨት እንደለመደ አሳይተዋል። እንግዲህ ውሻው እንጀራና ሥጋ ቀላቅሎ መኖር ይችላል። ድመቷ ግን ያቺን ቁራጭ ሥጋ ስትቀማ ምትክ የላትም።

ይባስ ብሎ፣ ድመት ለቀናት ሳትበላ መቆየት አትችልም። በተለይ ወፈር ያለች ድመት ጥቂት ቀናት ከጾመች የሰውነቷ ስብ ወደ ጉበቷ ይጎርፍና ጉበቷን ያውከዋል፤ ቶሎ ካልታከመችም ትሞታለች። ውሻውም ቢሆን በቀማው ምግብ አይጠቀምም። ለድመት ተብሎ የሚዘጋጀው ደረቅ ምግብ ፕሮቲኑና ስቡ ከውሻ ምግብ ይበልጣል። አዘውትሮ ሲበላው ያወፍረዋል፤ አንዳንዱን ያስታውከዋል፣ ያስቀምጠዋል፤ ቆሽቱ የሚቆጣበትም አለ።

ስለ ምግቡ ዓይነት ካነሣን አይቀር፣ በቤታችን ስለተለመደው ነገር ግልጽ እንነጋገር። ለድመትም ለውሻም የምንሰጠው ብዙውን ጊዜ የወጥ ትራፊ ነው። የወጣችን መሠረት ደግሞ ሽንኩርት ነው። ቀይ ሽንኩርትም ሆነ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬም ይሁን የበሰለ፣ የሁለቱንም እንስሳት ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳል፤ ድመት ደግሞ በትንሹም ትታመማለች። ስለዚህ ወጡ ከመሠራቱ በፊት ከሥጋው ትንሽ ቀንሶ፣ ያለ ሽንኩርትና ያለ በርበሬ ቀቅሎ ማስቀመጥ ይሻላል። ታውሪን በቅቅሉ ውሃ ውስጥ ስለሚቀር፣ ሥጋውን ከነመረቁ ስጧት። ከልኳንዳ ቤት የሚገዛውን ሳንባና ጉበት ለውሻ በጥሬው መወርወርም ክፉ ልማድ ነው። በሳንባና በጉበት ላይ የሚታየው ውሃ የቋጠረ ከረጢት የትል ዘር ያለበት ነው፤ ውሻው ከበላው ትሉ በአንጀቱ ያድጋል፣ ከዓይነ ምድሩም ወደ ሰው ይተላለፋል። ከረጢት የታየበት ይቀበር፤ ሌላው በደንብ ይቀቀል።

የጾም ወራትም አሉ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ቤተሰቡ ሽሮና ምስር ላይ ሲሆን፣ ለድመቷም ያው ሽሮ በእንጀራ ተፈትፍቶ ይቀርብላታል። «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ይላል የአገራችን ሰው። ጾሙ የሰው ነው፤ በእሷ ላይ አልተጣለም፤ ሰውነቷም አይችለውም። በእነዚያ ወራት የተቀቀለ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ወይም አቅም ከፈቀደ በየሱፐርማርኬቱ የሚሸጠው የድመት ምግብ ይደረግላት። በዚህ ወቅት ከሳህኗ የሚቀማ ነገር ካለ ጉዳቱ እጥፍ ነው።

አሁን ወደ መፍትሔው እንምጣ። ከሁሉ በፊት ውሻውን አጥግቡት። በቀን አንዴ፣ ያውም ማታ ትራፊ የሚጣልለት ውሻ የድመቷን ሳህን ቢያሳድድ አይፈረድበትም። የተራበ ውሻን አጥርም፣ ቁጣም አይመልሰውም። ጠዋትና ማታ፣ ሰዓቱን ጠብቃችሁ፣ በራሱ ሳህን፣ በራሱ ቦታ ስጡት። ድመቷንም በዚያው ሰዓት፣ እሱ በራሱ ሳህን ላይ አንገቱን ደፍቶ ሳለ፣ በሌላ ክፍል አብሏት።

ቀጥሎ ቦታውን እንምረጥ። ጤነኛ ድመት አንድ ሜትር ተኩል ከፍታ ያለ ብዙ ጭንቅ ትዘላለች። ውሻችሁ ትንሽ ከሆነ የመስኮት ደፍ፣ መደርደሪያ ወይም ግድግዳ ላይ የተመታች አንዲት ጣውላ ትበቃለች። ላረጀች ወይም ላረገዘች ድመት ግን በመካከል መረገጫ ይኑራት፤ ያመማትን መገጣጠሚያ ይዛ እንድትዘል ማስገደድ አይገባም። ውሻችሁ ትልቅ ከሆነ ከፍታ አያዋጣም፤ በኋላ እግሮቹ ቆሞ ጠረጴዛውንም መደርደሪያውንም ይደርስበታል። ለትልቅ ውሻ የሚሻለው ጠባብ መግቢያ ነው። የጓዳውን በር በሰንሰለት ወይም በጠንካራ ገመድ፣ አንድ ስንዝር የማይሞላ ክፍተት ትታችሁ እሰሩት፤ ድመቷ ሾልካ ትገባለች፣ እሱ ጭንቅላቱን ቢያስገባ ትከሻው ያግደዋል። ወይም ጠንካራ የእንጨት ሳጥን ወስዳችሁ በአንድ ጎኑ የእሷን ልክ ቀዳዳ ብሱለት፤ ሳህኑን የውሻው አፍ እንዳይደርስበት ወደ ውስጥ አርቃችሁ አስቀምጡ፤ ሳጥኑንም ከግድግዳው ጋር አጣብቁት። ባሕር ማዶ፣ በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ፣ ውሻና ድመት በአንድ አፓርታማ ለምታኖሩ አድማጮቻችን ደግሞ፣ በድመቷ ቆዳ ሥር የተቀበረውን ማይክሮቺፕ አንብቦ ለእሷ ብቻ ክዳኑን የሚከፍት የምግብ ሳህን በገበያ ላይ አለ።

ይህ ሁሉ ካልተመቸ፣ ሰዓት ይጠበቅ። ለድመቷ የቀን ድርሻዋን ሦስት አራት ጊዜ ከፋፍላችሁ ስጧት፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ውሻው እንዳይቀርባት ጠብቁላት፤ የተረፈውን አንሥታችሁ ክደኑት፤ ኋላ ትመለስበታለች። ከዚሁ ጎን ለጎን ውሻውን አስተምሩት። «ተው» ሲባል ወደ ኋላ ካለ ወዲያው ከራሱ ምግብ ጉርሻ ስጡት። በየቀኑ ቢደጋገም ይማረዋል። በምግብ ጉዳይ ግን በትር አታንሡበት። ምግብ ሲቀርብ የሚደበደብ ውሻ ሳህን ባየ ቁጥር ማጉረምረምና መናከስ ይለምዳል።

መናከስን ካነሣን፣ የሳህን ጠብ ሲነሣ ልጆች መካከል ገብተው በእጃቸው ሊገላግሉ ይሞክራሉና አስጠንቅቋቸው። የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን ዛሬም ሰው ይገድላል፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ውሻም ይሁን ድመት ሰውን ከነከሰ ወይም ቧጥጦ ካደማ፣ ቁስሉ ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ይታጠብ፤ ከዚያም ሳይውል ሳያድር ጤና ተቋም ይኬድ። ውሻውም ድመቷም በየዓመቱ ይከተቡ።

አድማጮች፣ እነዚህን እንስሳት ወደ ቤታችን ያመጣናቸው እኛ ነን። አንዱ ሌላውን ቀምቶ እንዳይበላ ማድረግ የእኛ ግዴታ ነው፤ ለዚህም ብዙ ወጪ አያስፈልገንም፤ አንዲት ጣውላ፣ አንድ ገመድ፣ አንድ ሳጥን ይበቃል። በዚህ ሳምንት ቤታችሁን ዞር ዞር ብላችሁ እዩና ለድመታችሁ የሚሆነውን ቦታ ምረጡላት፤ የውሻውንም ድርሻ አታጉድሉበት። ድመታችሁ ከከሳች ወይም ምግብ ትታ ሁለት ቀን ከሆናት ግን አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዷት።