መመዘኛ ምስክር ነው እንጂ ዳኛ አይደለም
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በተማሪዎች የምክር ክበብ አባሎች የተደረገ ንግግር)



ስለ ትምህርት ቤታችን ታሪክና ስለ ስፖርት ቡድኖቻችን ድል የሚናገሩ ሌሎች ስላሉ፤ እኛ ልንናገርበት የመረጥነው በር ተዘግቶ፤ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ስለሚሠራ አንድ ሥራ ነው። ይኸውም የተማሪዎች አማካሪ መመዘኛን እንዴት እንደሚመርጥ፤ እንዴት እንደሚሰጥና ውጤቱን እንዴት እንደሚተረጉም ነው። ጉዳዩ የእኛው ጉዳይ ነው። ከመካከላችን የትምህርት መስክ የሚመርጡ አሉ፤ ጭንቀታቸውን በሆዳቸው ይዘው ዝም ያሉም አሉ። በወረቀት ላይ የሰፈረ አንድ ቁጥር መንገዳቸውን ሊያቀና ወይም ሊያጣምም ይችላል።

ነገርን ከሥሩ፤ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፤ ከመነሻው እንጀምር። ዓመቶቹን የምንጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። በ1904 የፈረንሳይ መንግሥት ትምህርት መከተል ያቃታቸውን ሕፃናት ጉዳይ የሚመረምር ኮሚሲዮን አቆመ። ከአባሎቹ አንዱ አልፍሬድ ቢኔ ከቴዎዶር ሲሞን ጋር ሆኖ በ1905 የታወቀውን የአእምሮ መለኪያ አወጣ። የቢኔ ዓላማ ልዩ እርዳታ የሚያሻውን ልጅ ለይቶ ለመርዳት ነበር። የልጅ አእምሮ ከተወሰነለት ልክ አያልፍም የሚሉትንም አጥብቆ ተቃውሟል። ዳሩ ግን መለኪያው ባሕር ከተሻገረ በኋላ፤ ለመርዳት የተሠራው መሣሪያ ሰውን ለመግፋት የዋለበት ጊዜ መጣ። እንግዲህ ጥፋቱ የሚመጣው ከመሣሪያው ብቻ ሳይሆን ከያዘው እጅም ነው።

አንደኛው ሥራ መምረጥ ነው። አስተዋይ አማካሪ አስቀድሞ ራሱን የሚጠይቀው «በመሳቢያዬ ያለው መመዘኛ የትኛው ነው?» ብሎ ሳይሆን፤ «ለማወቅ የምፈልገው ምንድን ነው?» ብሎ ነው። ኤድዋርድ ስትሮንግ በ1927 ያወጣው መጠይቅ፤ የአንድ ሰው ዝንባሌ በየሙያው ከተሠማሩ ሰዎች ዝንባሌ ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ ያሳያል። ሕክምናን የሚወድ ሰው ሕክምናን ለመማር ችሎታ አለው ወይም የለውም ብሎ ግን አይፈርድም፤ ፍላጎት ሌላ፤ ችሎታ ሌላ ነውና። ደግሞም መመዘኛው የሚታመን ብቻ ሳይሆን ትክክለኛ መሆን አለበት። ሁልጊዜ ግማሽ ኪሎ የሚያጎድል የገበያ ሚዛን ዛሬም ነገም አንድ ነገር ይናገራል፤ እውነቱን ግን አይናገርም።

ሦስተኛም ጥያቄ አለ፤ መመዘኛው የተሠራው ለማን ነው? በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ግዛት ከስፓኒሽ ተናጋሪ ቤተሰብ የተወለዱ 9 ልጆች፤ በእንግሊዝኛ በተሰጠ መለኪያ ምክንያት አእምሮአቸው ደካማ ነው ተብለው ለብቻ ክፍል ተመደቡ። ሁለቱን ቋንቋ የሚያውቅ መርማሪ እንደገና ሲመዝናቸው፤ አብዛኞቹ ከተወሰነው ልክ በላይ ሆነው ተገኙ። የዲያና ክስ በመባል የሚታወቀው ይህ ጉዳይ በ1970 በስምምነት ሲያልቅ፤ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ጭምር እንዲመዘኑ ተወሰነ። በቤታችን አማርኛ፤ ኦሮምኛ፤ ትግርኛ፤ ሶማልኛና ሌላም ቋንቋ እየተናገርን በእንግሊዝኛ ለምንማረው ለእኛ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው።

ሁለተኛው ሥራ መስጠት ነው። አማካሪው መመዘኛው ለምን እንደሚሰጥ፤ ውጤቱን ማን እንደሚያየው፤ ምሥጢሩ እስከ የት እንደሚጠበቅ ለተማሪው አስቀድሞ ያስረዳል፤ ፈቃዱንም ይጠይቃል። ክፍሉ ጸጥ ያለ፤ ብርሃኑ በቂ፤ መመሪያውና ሰዓቱ ለሁሉም አንድ ይሁን። ለአንዱ ፍንጭ ሰጥቶ ለሌላው መንፈግ ሁለቱንም መበደል ነው። ሳይበላ የመጣ፤ የታመመ፤ ወይም ሐዘን ላይ ያለ ልጅ ሲገኝ ቀኑን ማዛወር፤ ካልተቻለም ሁኔታውን ከውጤቱ ጎን መጻፍ ይገባል።

ሦስተኛው ሥራ መተርጎም ነው፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለውም እዚህ ላይ ነው። «የመቶኛ ደረጃህ 75 ነው» የተባለ ተማሪ፤ ከ100 ጥያቄ 75ቱን መለሰ ማለት አይደለም። ለማነጻጸሪያ ከተወሰዱት ተማሪዎች ከመቶው 75ቱን ያህል በለጠ ማለት ነው። ስለዚህ እነዚያ ተማሪዎች እነማን እንደ ነበሩ መጠየቅ ያስፈልጋል። እንደዚሁም ማንኛውም ልኬት ስሕተት አያጣውም። የስሕተቱ መጠን 5 ነጥብ በሆነ መለኪያ 98ና 102 ያገኙትን ሁለት ልጆች፤ አንዱን ሰነፍ ሌላውን ጎበዝ ማለት ግፍ ነው።

ከሁሉ የሚከብደውን ምሳሌ እንጨምር። በአማርኛም ተተርጉሞ የሚሠራበት ፒ.ኤች.ኪው.-9 የተባለው የድባቴ መጠይቅ 9 ጥያቄዎች አሉት። ያለፉትን 2 ሳምንታት ይጠይቃል፤ ለያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጣል፤ ድምሩም እስከ 27 ይደርሳል። 10ና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው ጠለቅ ያለ ምርመራ ያሻዋል ማለት ነው እንጂ በሽታው ተረጋገጠ ማለት አይደለም። ነገር ግን 9ኛው ጥያቄ ሞትን ስለ መመኘትና ራስን ስለ መጉዳት ሐሳብ ነው። ድምሩ 6 ብቻ ቢሆንም፤ በዚህ ጥያቄ ላይ ከዜሮ በላይ ምልክት ያደረገን ልጅ አማካሪው በዚያው ቀን ለብቻው ሊያነጋግረው፤ ከሚያስብለት ቤተ ዘመድና ከሐኪም ጋርም ሊያገናኘው ይገባል። ድምሩን ብቻ ያየ አማካሪ ልጁን ሳያይ ቀረ ማለት ነው።

እንግዲህ መመዘኛ አንድ ምስክር ነው። በደንብ ዳኝነት በአንድ ምስክር ቃል ብቻ አይፈረድም፤ የመምህሩ አስተያየት፤ የወላጅ ቃል፤ የክፍል ሥራና ከሁሉም በላይ የተማሪው የራሱ ቃል ሊሰሙ ይገባቸዋል። ወላጆቻችን ሆይ፤ ከልጃችሁ ጋር ወደ አማካሪ ስትሄዱ «ስንት አገኘ?» ብቻ ሳይሆን፤ «ምን ተመዘነ? በምን ቋንቋ? ከማን ጋር ተነጻጽሮ?» ብላችሁ ጠይቁልን። እኛም በበኩላችን የተሰጠንን መጠይቅ በእውነት እንመልሳለን።